ላማችን የዋጠችው

«ጠርጥር፣ ከገንፎም መሃል አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት ሰው ለጨዋታ ይለዋል። ለኔ ግን የሙያ ሕግ ነው። ሚዛን ተፈሪ፣ መናኸሪያው አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ ቤት የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ሞተር እየፈታሁ ሽቦውን እንደ አዲስ እጠመጥማለሁ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን መዳብ ነው ተብሎ የተሸጠልኝን ሽቦ በኋላ በቢላ ፍቄ ሳየው ውስጡ ብረት ሆኖ ተገኘ። ሞተሩ በባለቤቱ ፊት ጨሰ፤ እኔም አብሬው ጨስኩ። ከዚያ ወዲህ ከተሰበረ ስፒከር የወጣች የማግኔት ስባሪ ከኪሴ ተለይታ አታውቅም። ሽቦ ስገዛ አስነካዋለሁ፤ ነሐስ ነው የተባለ ቡሎን አስነካዋለሁ፤ የማይዝግ ነው ተብሎ የመጣ ድስት ሳይቀር አስነካዋለሁ። ባለቤቴ፣ «እኔን ልታጨኝ ስትመጣም አስነክተኸኝ ነበር እንዴ?» ትለኛለች። አላስነካኋትም፤ ግን ሽማግሌዎቹ ስለ ቤተሰቧ የነገሩኝን በሌላ ሰው አጣርቻለሁ።

እናቴ የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ተዳፋት ላይ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ አብራት የቀረችው አንዲት ቀይ ላም ናት፤ እዚያው ግቢ የተወለደች፣ እናቴ በእጇ ያሳደገቻት። እናቴ ከሰፈሩ ሰው ጋር በአማርኛ፣ ከላሟ ጋር በቤንችኛ ታወራለች። ለላሟ የምትነግራትን ሁሉ ለእኛ ለልጆቿ እንደማትነግረን አውቃለሁ። ወተቷን ከመሸጥ ይልቅ ማደል ትወዳለች፤ በዚያ ሰፈር ከላሟ ወተት ያልቀመሰ ሕፃን ያለ አይመስለኝም።

ከታች በኩል የሚያዋስኗት ጎረቤት ከጅማ አካባቢ የመጡ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። መንገድ ዳር ሱቅ አላቸው፤ ከሱቁ ጀርባ ደግሞ ቡና ያሰጣሉ። ቡናው የሚደርቀው ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት አልጋ ላይ ሲሆን አልጋው ከላይ የሽቦ ወንፊት ተወጥሮበታል። እኛ አገር ዝናብ ቀጠሮ አያከብርም። እንጨቱ ይሻግታል፣ ሽቦው ይዝጋል፤ ከአልጋው ሥር ያለው ሣር ግን ጥላም እርጥበትም ስለማያጣ ጉልበት ድረስ ይለመልማል። ላማችን ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ባለው አጥር ላይ አባቴና እኚህ ሰው ተመካክረው የተዉት ክፍተት ነበር፤ ሰውም፣ ዶሮም፣ ላምም በዚያ ይሻገራል። እኔም በልጅነቴ ጨው ግዛ ስባል የምሮጠው በዚያው ነበር።

ፀቡ የመጣው በዚያው ክፍተት ነው። ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት ላሟ ሣር ፍለጋ ስትገባ የአንዱን አልጋ እግር በትከሻዋ ገፋችውና አልጋው ተደረመሰ፤ ደርቆ ሊነሳ የደረሰ ቡና ጭቃ ላይ ፈሰሰ። ጎረቤታችን ቁጡ ሰው አልነበሩም። ያን ቀን ግን አጥሩ ጋ ቆመው እናቴን በመንገደኛ ፊት፣ «ይቺን ላም እሰሪያት! ካላሰርሻት ታዝኛለሽ!» ብለው ጮሁባት። እናቴ ይህን አልረሳችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታቸውን መመለስ ተወች፤ ጨውና ሳሙና ለመግዛት ሽቅብ ራቅ ወዳለው ሱቅ መሄድ ጀመረች። ላሟን ግን አላሰረቻትም። እልኸኛ ናት።

እኔ ቴፒ ነበርኩ። የአንድ ቡና መፈልፈያ ሞተር ተቃጥሎ እሱን እየጠመጠምኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ና» አለች እናቴ። «ላሚቱ ልትሞት ነው። ሰውዬው አብልቷታል።»

«ምን አብልቷት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! እጁን አይቻለሁ። አፏ ውስጥ፣ እስከ ክርኑ። በማለዳ። አጥሩ ጋ ይዟት፣ አንገቷን ወደ ላይ አድርጎ። እኔ ስወጣ ለቀቃት። ምንም ሳይለኝ ሄደ።»

«መቼ ነው ይሄ?»

«ሰንብቷል። አሁን ነው የሠራባት።»

ሞተሩን እንደተፈታ ትቼ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። መስኮቱን ዝናብ ይመታዋል፤ እኔ ደግሞ ሰውየውን በሐሳቤ እየፈታሁ እገጥማለሁ። ሱቃቸው ውስጥ ከሳሙናው መደርደሪያ ሥር የአረም መድኃኒት ጀሪካን አይቻለሁ። የአይጥ መርዝ ይሸጣሉ። ሌላው ነጋዴ ሁሉ ለአንድ ኪሎ ስኳር በስመ አምላክ ሲገዘት እሳቸው አንድም ቀን ሲምሉ አልሰማሁም፤ «ዋጋው ይኸው ነው» ብለው ዝም ነው። ድሮ ይሄ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን የማይምል ነጋዴ ምን ቢደብቅ ነው አልኩ። ሰው መጠርጠር ሲጀምር የደግነት ምልክት የነበረው ሁሉ ዞሮ ማስረጃ ይሆንበታል። ሚዛን ስደርስ በልቤ ሰውየውን «አንተ» ማለት ጀምሬ ነበር።

ላሟ ጀርባዋን ጎበጥ አድርጋ፣ የፊት ክርኖቿን ወደ ውጭ ከፍታ ቆማለች። አታመሰኳም። ስትተነፍስ ታቃስታለች፤ የማቃሰቷ ድምፅ የሰው ይመስላል። ከበረቱ ወጥታ ተዳፋቱን እንድትወርድ ብንገፋት እምቢ አለች። እናቴ ግንባሯን ከላሟ አንገት ላይ አስደግፋ በቤንችኛ ታባብላታለች። እኔን ቀና ብላ ሳታይ፣ «አየህ?» አለችኝ።

የእንስሳት ሐኪሟ በሞተር ብስክሌት መጣች። ወጣት ናት፤ ቦት ጫማዋ ጭቃ ጠጥቷል፣ ንግግሯ ቁጥብ ነው። ላሟን አዳመጠች፤ ከትከሻዎቿ መካከል ያለውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ስትጫናት ላሟ አቃሰተች።

«መርዝ አይመስለኝም» አለች። «ስለታም ነገር ውጣለች። ሽቦ ሊሆን ይችላል። ከብት ሣሩን ሳያጣጥም ነው የሚውጠው። ሽቦው ከጨጓራዋ ፊት ያለችው ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል፤ ከረጢቷ ደግሞ ልቧን ልትነካ ምንም አይቀራት። ከወጋት አለቀ።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?» አልኳት።

«ማግኔት እናስውጣት። ከረጢቷ ውስጥ ተቀምጦ ሽቦውን እየሳበ ይይዘዋል፤ ወደ ልቧ እንዳይሄድ። እዚህ የለኝም። ጅማ ላለ ጓደኛዬ እደውላለሁ፤ በመኪና ይልካል።»

መርፌ ወጋቻት፣ የፊት እግሮቿን ከፍ ባለ ሳንቃ ላይ እንድናቆማት ነግራን ሄደች። እናቴ አላመነቻትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ አልተረጋጋም። ሐኪሟ ስትሄድ ከጎረቤታችን ሱቅ ደጃፍ ቆማ ካርድ ስትገዛ አየኋትና፣ «ይቺም የእሱ ደንበኛ ናት» ብዬ አሰብኩ።

ማግኔት የሚለውን ነገር ግን አልናቅኩትም፤ ስለ ማግኔት ከተነሳ የኔ ሙያ ነው። ከጅማ እስኪመጣ ለምን እጠብቃለሁ ብዬ ወደ ሱቄ ሄድኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ትልቅ የስፒከር ማግኔት ነው። ኃይሉ አያጠራጥርም፤ ግን ቀለበት ነው፣ ሰፊ ነው፣ በዚያ ላይ የሸክላ ያህል ይሰበራል። ላሟ ሆድ ውስጥ ቢሰነጠቅ ከሽቦ የባሰ ስለት ይሆናል። እሱን ተውኩት። ቀጥሎ የጣት ያህል የፌሮ ቁራጭ ቆርጬ፣ ጫፎቹን በሞረድ አለስልሼ፣ ሽቦ ጠመጠምኩበትና ከባትሪ ጋር አገናኘሁት። ጭንቅ ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ እንደማይሆን እያወቅኩ ነው የሞከርኩት።

በሞተር ውስጥ ያለው ብረት ለስላሳ ብረት ነው፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ዝርግ ብረት ተደራርቦ የተሠራ። ኤሌክትሪክ ሲመጣለት ወዲያው ማግኔት ይሆናል፤ ሲቋረጥበት ወዲያው ይረሳል። ይህ መርሳቱ ነው ጥቅሙ። ባይረሳ ኖሮ በየቅጽበቱ መገለባበጥ እያቃተው ይግል ነበር፤ ሞተሩም መብራት እየበላ ሥራ አይሠራም። በተቃራኒው ስፒከር ውስጥ ያለው ማግኔት የያዘውን አይለቅም፤ ማንም ኤሌክትሪክ ሳይሰጠው ዓመት ከዓመት ይስባል። ለላም ሆድ የሚያስፈልገው የማይረሳው ነው። ፌሮ ደግሞ የግንባታ ብረት ነው፤ ከማይረሱት ወገን አይደለም። ባትሪው እንዳለ ሚስማር አነሳ። ባትሪውን ነቅዬ ፌሮውን ጠረጴዛው ላይ ጣል ሳደርገው ሚስማሩን ጥሎ ዝም አለ። የቀረችው ጉልበት የመርፌ ጫፍ እንኳ የምታስነሳ አልነበረችም። ሞረዱ ራሱ ጠንካራ ብረት ስለሆነ ማግኔትነቱን ይይዝ ነበር፤ ግን ሞረድ ለላም ማን ያጎርሳል? ባዶ እጄን ተመለስኩ።

እናቴ እስከዚያው ሽማግሌ ጠርታ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ የእድሩ ሰብሳቢ የነበሩት ጡረተኛ መምህር፣ ከእናቴ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ፣ ጎረቤታችንም የሚያከብሯቸው አንድ አዛውንት ሙስሊም። ጎረቤታችን ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ በክፍተቱ በኩል ሳይሆን በዋናው በር ዞረው ገቡ። ይህንንም በልቤ መዘገብኩት።

እናቴ ያየችውን ተናገረች። እጁን፣ አፏን፣ ማለዳውን። ከበረቱ ውስጥ የላሟ ማቃሰት እየተሰማ ስለነበር ሌላ ምስክር አላስፈለጋትም።

ሰብሳቢው ወደ ጎረቤታችን ዞሩ። «ነገሩን ማክረር አንፈልግም። ለብዙ ዓመት አብራችሁ የኖራችሁ ሰዎች ናችሁ። ላሟ አፍ ውስጥ ምንም ነገር አልከተትኩም ብለው በእምነትዎ ይማሉ፤ እኛም በዚህ እንዘጋዋለን።»

በእኛ ሰፈር መሐላ ማስረጃ ነው። ሰው ማለ ማለት አለቀ፤ ቢዋሽ ከፈጣሪው ጋር ይተሳሰባል እንጂ ከኛ ጋር አይደለም። ጎረቤታችን ግን መሬት መሬት አዩ። አዛውንቱ በቀስታ፣ «በል እንግዲህ» አሏቸው።

«ይህን አልምልም» አሉ።

«ለምን?»

«አልምልም።»

«ልብ ይበሉ» አሉ ሰብሳቢው፤ አሁን ድምፃቸው ጠነከረ። «ሳይምሉ ከዚህ ከወጡ ሰው መርዝ አብልቷል ነው የሚለው። ነገ ከሱቅዎ ክብሪት የሚገዛ አይኖርም። ልጆችዎ እዚህ ነው የተወለዱት። መርዘኛ ከተባለ ሰው ጋር ማን ይኖራል?»

«አውቃለሁ» አሉ።

ደስ አለኝ ማለት ይከብደኛል፤ ግን ደስ አለኝ። የጠረጠሩት ነገር ሲሰምር የሚሰማ ክፉ ደስታ አለ፤ ውስጥን ያሞቃል። እናቴን ዞር ብዬ ሳያት እሷ ደስ አላላትም ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። አባቴ ሲሞት ሬሳውን ካጠቡት ወዳጆቹ ጋር ውኃ ሲያቀብሉ የዋሉት እኚሁ ሰው ነበሩ። ይሄ ትዝ ብሏት መሆኑን በኋላ ነው የነገረችኝ።

በዚህ መሃል ሐኪሟ በሞተርዋ ደረሰች። በወረቀት የተጠቀለለ ማግኔት ከኪሷ አወጣች፤ ጣት የምታህል፣ ግራጫ፣ ሁለት ጫፎቿ የተድበለበሉ፣ ገጿ የወንዝ ጠጠር ይመስል የለሰለሰ። ገና ከእጇ ስቀበላት ኪሴ ውስጥ ያለችው ስባሪ ጨርቁን ይዛ ተጠጋቻት። ጥሩ ዕቃ ናት። ሐኪሟ ሽማግሌዎቹን በአንገቷ ሰላም ብላ በቀጥታ ወደ ላሟ ሄደች፤ ምን እየተደረገ እንደነበር አልጠየቀችም።

«መጀመሪያ ግን» አለች፣ ስልኳን እያወጣች። «ከዚህ በፊት ማግኔት የዋጠች እንደሆነ በኮምፓስ ማየት አለብኝ። ካላት ሁለተኛ አልሰጣትም።»

«ይቺ እዚሁ የተወለደች ናት» አልኳት። «ማን ይሰጣታል?»

ስልኩን ከላሟ ግራ ክርን ኋላ፣ ደረቷ ሥር አስጠጋችው። በስልኩ ላይ ያለው የኮምፓስ ቀስት ዞረ። አነሳችው፣ ተመለሰ። አስጠጋችው፣ ዞረ።

«አላት» አለች።

እኔ አላመንኩም። በረቱ የቆርቆሮ ጣሪያ አለው፤ ማሰሪያው በሚስማር የተመታ ነው፤ ስልክ ደግሞ በብረት አጠገብ እንደፈለገ ይዋሻል። ይህን ሁሉ ተናገርኩ። ሐኪሟ ትከሻዋን ነቀነቀች። ላሟን ቀስ ብለን፣ ደልዳላውን መርጠን፣ ከጣሪያው ሥር አውጥተን አቮካዶው አጠገብ ሜዳ ላይ አቆምናት። ሽማግሌዎቹ ወንበራቸውን አዙረው ተመለከቱ።

«መርፌሽን አምጪልኝ» አልኳት እናቴን። «ክርም።»

የልብስ መርፌ ጠንካራ ብረት ነው፤ ከማይረሱት ወገን። በኪሴ ማግኔት በአንድ አቅጣጫ ደጋግሜ አሸሁት፤ ከወገቡ በክር አሰርኩትና አንጠለጠልኩት። ተወዛወዘና ረጋ፤ ጫፉ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው የሚያየው። ለሽማግሌዎቹ አስረዳኋቸው። «አባቶቼ፣ ይቺ ላም ሆድ ውስጥ ያለው ተራ ሽቦና ሚስማር ከሆነ የመርፌውን ጫፍም ይስባል፣ ቀዳዳውንም ይስባል፤ ብረት ሁለቱንም ነው የሚወደው። ማግኔት ካለ ግን አንዱን ስቦ ሌላውን ይገፋል። የሚገፋ ማግኔት ብቻ ነው።» ይህን ስል ሽቦ ብቻ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበርኩ። ሐኪሟን ማሳፈር ፈልጌ ነበር።

ክሩን ይዤ መርፌውን ወደ ላሟ ደረት አስጠጋሁ። ቀዳዳው በኩል ያለው ጫፍ ዞሮ ወደ ቆዳዋ ተሳበ። በጣቴ አዙሬ ሹሉን ጫፍ ሳስጠጋ መርፌው እምቢ ብሎ ተገለበጠ። እጄን አንድ መዳፍ ያህል ወደ ኋላዋ ወሰድኩት። እዚያ ነገሩ ተቀየረ፤ ሹሉ ተሳበ፣ ቀዳዳው ተገፋ። ደገምኩት። ነፋስ ነው ብዬ በሰውነቴ ጋርጄ እንደገና አየሁት። ያው ነው። ሁለት ጫፍ ያለው፣ የማይረሳ ማግኔት ከላማችን ውስጥ ተጋድሟል። ምንም ሽቦ፣ ምንም ሚስማር፣ ምንም መርዝ እንዲህ አያደርግም።

«አለ» አልኩ።

«ታዲያ ማን ከተተው?» አሉ ሰብሳቢው።

እናቴ ቀስ ብላ ወደ ጎረቤታችን ዞረች፤ እጃቸውን ነው ያየችው፣ ፊታቸውን አይደለም። ሁላችንም እጃቸውን አየን።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ከዚያ ቁጭ እንዳሉ፣ ወደ ማናችንም ሳያዩ ተናገሩ። «አልጋዎቹ አርጅተዋል። ሽቦው እየተበጣጠሰ ሣሩ ውስጥ ይወድቃል። ስለቅም ውዬ ስለቅም አድራለሁ፤ ሁሉን መልቀም አይቻልም። እሰሪያት ያልኩት ለዚህ ነበር፤ በንዴት አልኩትና አበላሸሁት። ከዚያ እትዬ ሰላምታዬን እንኳ አልመልስ አሉ፤ በየት በኩል ልንገራቸው? ጅማ ሳለን የወተት ላም ነበረችን፤ ሐኪም ማግኔት አስውጧት ነበር። ስትታረድ ከሆዷ ወጣ፤ ሽቦና ሚስማር ለብሶ ጃርት መስሎ። አጥቤ አስቀምጬው ነበር። እሱን ነው ያጎረስኳት።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልተናገሩም?» አሏቸው ሰብሳቢው።

«ምን ብዬ? ብረት አጎረስኳት፣ ለደኅንነቷ ነው ልበል? ላሟ እዚያ እያቃሰተች ማን ይሰማኛል? ሽቦውም የኔው ነው። እናንተ ደግሞ ይህን አልጠየቃችሁኝም። አፏ ውስጥ ምንም አልከተትኩም ብለህ ማል ነው ያላችሁኝ። ከትቻለሁ። በአላህ ስም ልዋሽ?»

እኔ ግን እኔ ነኝና አላቆምኩም። «ማግኔት ካላት ለምን ታመመች?» ብዬ ጠየቅኩ። ሐኪሟ ናት የመለሰችልኝ፤ ሽቦው ማግኔቱ ከመግባቱ በፊት ሳይወጋት አልቀረም አለች። ማግኔቱ ባይዘው ኖሮ ይሄኔ ልቧ ጋ ደርሶ ነበር፤ በተወጋችው መድኃኒት ላይ ዕረፍት ከተጨመረላት ትድናለች። ከጅማ ያስመጣችውን በወረቀቱ ጠቅልላ መልሳ ኪሷ ከተተች።

እናቴ ተነስታ የጎረቤታችንን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል እጇን ያዙና፣ «ተይ እትዬ፣ ተይ» አሏት። ሽማግሌዎቹ ይቅር ተባባሉ አሉ፤ ይቅር ተባባልን። «ይቅር ብያለሁ» አሉ ጎረቤታችን፤ በግልጽ፣ ሁሉ እየሰማ። አዛውንቱ መረቁን። ሁሉም በየቤቱ ገባ።

ላሟ ዳነች። መጀመሪያ የእንሰት ቅጠል ቀመሰች፣ ቀጥሎ ማመስኳት ጀመረች፣ ወተቷም ተመለሰ። እናቴ ከገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያን ላገኘችው ሰው ሁሉ የጎረቤቷን ደግነት ታወራለች። «በመሐላ አልዋሽም ብሎ ስሙን ሊያጣ ነበር እኮ» ትላለች፣ ጣቷን እያወዛወዘች፣ የጠረጠረው ሌላ ሰው ይመስል። እኔም ቴፒ ሄጄ ሞተሬን ጨረስኩ፤ ልቤ ቀሎኛል፤ ሰውየውንም በልቤ እንደ ድሮው «እርስዎ» አልኳቸው።

ስመለስ አልጋዎቹ ተለውጠው አገኘሁ። አሮጌው ሽቦ ተነስቶ የቀርከሃ ምንጣፍ ተዘርግቶባቸዋል። ከአልጋዎቹ ሥር ያለው ሣርም ታጭዷል። አጥሩ ላይ ያለው ክፍተትም አዲስ እንጨት ተተክሎበት፣ ጥብቅ ተደርጎ ታጥሮ ተዘግቷል።

«ለላሟ ብሎ ነው» አለች እናቴ። «ሽቦ እንዳትበላ።»

«ሽቦው እኮ ተነስቷል» አልኳት።

እናቴ አንድ ጆግ ወተት ሞልታ በዋናው በር ዞራ ወሰደችላቸው። በእኛ ሰፈር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ሌላው ቢጠፋ አንድ እፍኝ ቡና ወይም የጨው ቁራጭ ይደረግበታል። ጆጉ በልጃቸው እጅ መጣ። ታጥቧል፣ ደርቋል፣ ባዶ ነው።

«ረስተው ነው» አለች እናቴ። በሳምንቱ ደግማ ሞልታ ላከች። አሁንም ታጥቦ ባዶውን መጣ። ሦስተኛ አልላከችም። ጆጉን መደርደሪያው ላይ ደፍታ አስቀመጠችው።

እኔ ነገሩን በሙያዬ ነው የማየው፤ ሌላ የማይበት ዓይን የለኝም። እኛ ጥርጣሬውን የጣልነው እንደ ሞተር ብረት ነው፤ ማብሪያው ሲጠፋ ወዲያው፣ ምንም ሳይቀርብን። እሳቸው ግን ከማይረሳው፣ ከጠንካራው ብረት ወገን ናቸው። በዚያ ዛፍ ሥር በሰው ሁሉ ፊት የታሹበት ነገር በይቅርታ የሚወጣ አይደለም። ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፣ ስለ እናቴ ጤና ይጠይቁኛል፣ ዋጋው ይኸው ነው ይሉኛል። ከዚያ አልፈው አያውቁም። ያማል፤ ግን በየት በኩል ብዬ ልውቀሳቸው?

እናቴን ልጠይቅ ስሄድ አንዳንዴ ላሟን ከዚያ አጥር ጋ ቆማ አገኛታለሁ፤ ክፍተቱ የነበረበትን ቦታ እያየች ታመሰኳለች። ሰው አለመኖሩን አይቼ ስልኬን ከግራ ክርኗ ኋላ አስጠጋዋለሁ። ቀስቱ ዛሬም ይዞራል። አጥሩ ተዘግቷል፣ ጆጉ ተደፍቷል፤ የሰውየው ማግኔት ግን በእኛ ላም ውስጥ ሥራውን አላቋረጠም።